ስም ያጣ ብረትና የሰው ምስክርነት

ሰው የማያውቀውን ነገር ባገኘ ጊዜ ሁለት ፈተና ይደርስበታል። አንደኛው ዋጋ የለውም ብሎ መጣል ነው፤ ሁለተኛው ሳይመረምር ስም ማውጣት ነው። ሁለቱም ከአንድ ምንጭ ይቀዳሉ፤ ይኸውም አላውቅም ማለትን እንደ ነውር መቁጠር ነው።

ለዚህ ምሳሌ የሚሆን ስፍራ ከደብረ ታቦር ከተማ ብዙ ሳይርቅ ይገኛል፤ ስሙም ጋፋት ይባላል። በ1850ዎቹ ዓመታት ዳግማዊ ዐፄ ቴዎድሮስ ዋልድማየርን፣ ሳልሙለርን፣ ቤንደርንና ጓደኞቻቸውን በዚያ አስቀምጠው መድፍ እንዲያቀልጡ አዘዟቸው። እነዚህ ሰዎች የመጡት ወንጌል ለማስተማር ነበር እንጂ መድፍ ለመሥራት አልነበረም። ቢሆንም ከብዙ ሙከራና ከብዙ ውድቀት በኋላ፣ ከአገሩ ሠራተኞች ጋራ ሆነው፣ የታዘዙትን ፈጸሙ።

እንግዲህ በእንደዚህ ያለ ምድር ገበሬ ሲያርስ ማረሻው ከከባድ ብረት ጋራ ቢጋጭ ምን ያደርጋል? ጎረቤቶቹ ይሰበሰባሉ። አንዱ የመድፍ ስባሪ ነው ይላል፤ ሌላው የወፍጮ አካል ነው ይላል፤ ሦስተኛውም የተሰበረ ደወል ነው ብሎ ይከራከራል። ነገሩ ግን በድምፅ ብዛት አይቈረጥም። ዝገቱ ቀይ እንደ ሆነ ብረት ነው፤ አረንጓዴ እንደ ሆነ ግን መዳብ ያለበት ነሐስ ይሆናል። አካሉ አጭርና ወፍራም፣ አፉም ሰፊ ሆኖ፣ በስተውስጥ ባሩድ የሚቀመጥበት ጠበብ ያለ ጓዳ ቢኖረው፣ አረሩን ወደ ላይ አጒኖ ከቅጥር ማዶ የሚጥል መድፍ ነው። በሁለት ጐኑ የወጡ ድቡልቡል ጆሮዎች ቢታዩ፣ መድፉ በአልጋው ላይ ተደግፎ ከፍና ዝቅ የሚልባቸው ናቸው። በአጠገቡ እሳት ያጠነከረው ሸክላና ከቀለጠ ማዕድን የቀረ ዝቃጭ ቢገኝ፣ ምድጃው በዚያ እንደ ነበረ ይመሰክራሉ። ብረቱ ከስፍራው ከተነሣ ግን እነዚህ ምስክሮች ሁሉ ይለዩታል፤ ብቻውንም ሲቀር እንደ ዲዳ ነው።

ነገር ግን የብረቱ ስም ቢታወቅ፣ ብረቱ ታወቀ ማለት ነውን? ከጋፋት ሥራዎች ሁሉ ትልቁን ሴባስቶፖልን ማስታወስ ይበቃል። ስሙ በክሪሚያ ጦርነት ከተከበበችው ከተማ እንደ ተወሰደ ይታወቃል፤ ክብደቱም ሰባት ቶን ያህል እንደ ሆነ ይነገራል። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ሲነሡ፣ ሠራዊታቸው ይህን መድፍ በገመድ እየጐተተ እስከ መጋቢት ወር ድረስ ተጓዘ። በጅጣና በበሽሎ ገደል መንገድ ተቈረጠ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ራሳቸው ከሰው ጋራ ድንጋይ ያነሡ ነበር። ከዚያም የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲመጣ በዚያው በተቈረጠው መንገድ ተጠቀመበት። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ቴዎድሮስ ሞቱ፤ ሴባስቶፖል ግን በመቅደላ ቀረ።

ስለዚህ ይህ ብረት ምንድር ነው ተብሎ ቢጠየቅ፣ ጠላትን ለማስፈራት የተሠራ መድፍ ነው የሚለው መልስ እውነት ቢሆንም ጐደሎ ነው። ለጠላት መንገድ ያስጠረገም እርሱ ነው። ለማስተማር የመጡትን ሰዎች የጦር መሣሪያ ሠሪ ያደረገም እርሱ ነው። የአቅላጮቹ ስም በመጽሐፍ ተጽፎ ሲገኝ፣ ገመዱን በትከሻቸው የጐተቱት ሰዎች ስም ግን አልተጻፈም። ብረትን በእውነት ማወቅ ማለት፣ ለምን ተሠራ ብቻ ሳይሆን ማን ደከመበት፣ በማንስ ላይ ከበደ ብሎ መጠየቅ ነው።

ምናልባት እንዲህ የሚል ሰው ይኖራል፦ ድኻው ገበሬ ማረሻ ሲያጣ፣ ያገኘውን ብረት ወደ ቀጥቃጭ ቢወስድ ምን በደል አለበት? በውነቱ ችግር በደል አይደለም። ልጆቹን ለማብላት የሚያርስ ሰው፣ ማንም መጥቶ ያልጠየቀውን ብረት ጠብቆ ባለማቆየቱ ሊወቀስ አይገባውም። ወቀሳው የሚደርሰው ማንበብና መጻፍ እየቻለ፣ የስፍራውንም ታሪክ እያወቀ፣ መጥቶ ሳያይና ሳይመዘግብ በቤቱ ለተቀመጠው ነው። ብረቱ ከቀለጠ በኋላ የሚመጣ ጸጸት ማንንም አይጠቅምምና።

አንድ ሰው ባላየው ነገር ቢመሰክር ሐሰተኛ ምስክር ይባላል። አፍ የሌለው ብረትም ቢሆን በሐሰት ሊመሰከርበት አይገባም። ያገኘው ሰው ከስፍራው ሳያነሣ ሽማግሌ ይጠይቅ፤ ልኩንና መልኩን ይጻፍ፤ ያልገባውንም አልገባኝም ብሎ ለሚመጣው ይተውለት። ዛሬ አላውቅም ተብሎ በቅን የተጻፈ ነገር ነገ የሚያውቀው ይገኝለታል፤ በሐሰት ስም የተሰየመውን ግን ዳግመኛ የሚጠይቅለት የለም።