ወደ ኋላ የቀረውን መጠበቅ ቸርነት ነውን ወይስ ዕዳ?

በመስከረም ወር አንድ የቁምስና ማኅበር ከአዲስ አበባ ተነሥቶ የእንጦጦን ተራራ በእግር በመሻገር ወደ ሱሉልታ ሜዳ ለመውረድ ተስማማ እንበል። ቁጥራቸው 40 ነው፤ ወጣቶችም እናቶችም አሉበት። ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ወጣቶቹ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው የተራራው ጀርባ ሲደርሱ፣ በዕድሜ የገፉ አንዲት እናት ገና ከባሕር ዛፉ መካከል ናቸው፤ ሰማዩም ጠቁሯል። (በዚያ ጀርባ ላይ ዝናቡ እንኳ ይለያያል፤ በደቡብ የወረደው ወደ አዋሽ፣ በሰሜን የወረደው በሙገር በኩል ወደ ዓባይ ይሄዳል።) ቀድመው የደረሱት የመጠበቅ ግዴታ አለባቸውን?

ብዙዎቻችን መጠበቅን ቸርነት ብለን እንጠራዋለን። ቸርነት ከሆነ ግን ያደረገው ይመሰገናል እንጂ ያላደረገው አይወቀስም። እኔ ዕዳ ነው እላለሁ። «አብረን እንሂድ» የሚለው ቃል የተነገረው ለሁሉም ነው፤ እኚያ እናት ይህን ቃል ባያምኑ ኖሮ ከመኪናው መንገድ ባልራቁ ነበር። ብርቱ ሰው ጉልበቱ የራሱ ነው፤ ሌላው በእርሱ ተማምኖ የወጣውን ዳገት ግን «የራሳቸው ጉዳይ» ሊለው አይችልም።

በእርግጥ ተቃውሞ አለ፤ ቀላልም አይደለም። ጠዋት ብራ የነበረው ሰማይ ከሰዓት በኋላ የሚለወጠው፣ በፀሐይ የሞቀው እርጥብ አየር ወደ ላይ ወጥቶ ደመና ስለሚሆን ነው፤ ከፍታው በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ 6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል፤ በተራራ ጀርባ ላይ የቆመ ሰውም ለመብረቅ የተጋለጠ ነው። ስለ አንድ ሰው ዝግታ 39ኙ በአደጋ ላይ ይቁሙን? አይቁሙ። ዕዳው በአንድ ስፍራ ተገትሮ መቆም አይደለም፤ ማንንም ብቻውን አለመተው ነው። መንገዱን የሚያውቁ ሁለት ብርቱዎች ይመለሱ፤ ካስፈለገም እናቲቱን በመጡበት ይዘዋቸው ይውረዱ። ይህም ሲነሡ የሚወሰን እንጂ ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላ የሚመከርበት ነገር አይደለም።

ደግሞ ካለመጠበቅ ብዙም የማይሻል መጠበቅ አለ። ቀድመው የደረሱት ሣር ላይ አረፍ ይላሉ፤ ቆሎ ይቆረጥማሉ፤ ይሳሳቃሉ። እኚያ እናት ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ ብቅ ሲሉ «በሉ መጡ፣ እንነሣ!» ይባላል። ያረፈው ብርቱው ነው፤ የደከሙት አላረፉም። እንደ ሸክም መታየታቸውንም ከፊታችን ያነባሉ። በሚቀጥለው ጊዜ «እግሬን ያመኛል» ብለው ይቀራሉ፤ እኛም ሳንጠይቅ እናምናቸዋለን።

ዕዳው አብሮን ላልወጣ ሰውም ይደርሳል። በሱሉልታ በኩል የእግር መንገዱ በእርሻ መካከል ያልፋል። ዝናብ ሲወርድ ይጨቀያል፤ ፊተኛው ጫማውን ለማዳን አንድ እርምጃ ወደ ገብሱ ፈቀቅ ይላል፤ ተከታዩም ዱካውን ይረግጣል። እያንዳንዱ «የእኔ አንድ እግር ምን ያጠፋል?» ይላል፤ 40ኛው ሲያልፍ ግን በገበሬው እህል ላይ አዲስ መንገድ ወጥቷል። ጭቃው የተጓዡ ነው፤ ገብሱ የገበሬው ነው።

በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 33 ዔሳው አብረን እንጓዝ ሲለው፣ ያዕቆብ የልጆቹንና የሚያጠቡትን ከብቶች አቅም ጠቅሶ በእነርሱ እርምጃ መሄድን መረጠ። ከዔሳው ለመራቅ ያቀረበው ሰበብ ነው የሚሉ አሉ፤ ይሁን፤ ሰበቡ ግን እውነት ነበር።

ስለዚህ የሚዘገየውን ከፊት ማስቀደም ይሻላል ባይ ነኝ። ወጣቶቹ ያጉረመርሙ ይሆናል፤ ከአቅም በታች ቀስ ብሎ ዳገት መውጣት ለብርቱ ሰው በእውነት አሰልቺ ነው። ይህን የሚሞክሩ ካቴኪስቶችም ከፊት የሚሄዱትን እናት አስቀድመው ቢጠይቋቸው መልካም ነው፤ ሁሉም ከኋላቸው ተሰልፎ እርምጃቸውን ሲቆጥር የማይወዱ ይኖራሉና።