አህያይቱ ያየችውን
የንባብ ክፍል፦ ዘኍልቁ 22፥21-34



ካርቱም ዴም ሰፈር የኖራችሁ፣ ውሃ የሚሸጡትን የአህያ ጋሪዎች፣ ካሮ የምንላቸውን ታስታውሳላችሁ። አንድ ክረምት ዝናቡ መንገዱን ኩሬ አድርጎት ሳለ የአንድ ሽማግሌ አህያ መሃል መንገድ ላይ ቀጥ አለች። አልሄድም አለች። ሽማግሌው አለንጋውን አላነሳም። ወርዶ ውሃውን በዱላ ሲነካካ ክዳኑ የተነሳ የፍሳሽ ጉድጓድ አገኘ። አንገቷን ደባብሶ በሌላ በኩል መራት። እውነቱን ልናገር፣ እኔ ብሆን እመታት ነበር።

በኋላ ሻይ ቤት ተቀምጬ በቴሌቪዥን ስለ በረዶ አገር ውሾች አየሁ። ውሻ ከስብከት ጋር ምን አገናኘው አትበሉኝ። አላስካ ውስጥ ኖም በምትባል ከተማ በፈረንጆች 1925 ዲፍቴሪያ የሚሉት ጉሮሮ የሚዘጋ በሽታ ልጆችን ያዘ። 20 ነጂዎችና 150 ያህል ውሾች እየተቀባበሉ መድኃኒቱን ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይዘው በአምስት ቀን ተኩል ገደማ አደረሱት። እኔ ልብ ያልኩት ግን ሌላ ነገር ነው። ጎማ በሌለው በዚያ የበረዶ ጋሪ ላይ ነጂው የሚቆመው ከኋላ ነው። በረዶውን ቀድሞ የሚረግጠው ከፊት የታሰረው መሪ ውሻ ነው። ጥሩ መሪ ውሻ «ሂድ!» ቢባልም በረዶው ስስ ከሆነ አይሄድም። ብልህ ነጂም አይቆጣም፤ ይሰማዋል።

በለዓም ግን አልሰማም። አለቆች ከሩቅ አገር ገንዘብ ይዘው የሚፈልጉት ትልቅ ሰው ነበር። ሰይፍ የመዘዘውን መልአክ ያየችው ግን አህያይቱ ናት። ሦስት ጊዜ አዳነችው፣ ሦስት ጊዜ ደበደባት። ጌታ አፏን ሲከፍትላት ከዚህ በፊት እንዲህ አድርጋበት ታውቅ እንደሆነ ጠየቀችው። በለዓምም የለም ከማለት በቀር መልስ አልነበረውም እኮ!

እኔ በዚህ ክፍል ላይ ማልቀሴን አልደብቃችሁም። በ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ ጦርነቱ ሲነሳ ጥቂት ሆነን ከካርቱም ልንወጣ ተነሳን። መሪ እኔ ነበርኩ። አንዲት ሻይ ሻጭ እናት «በዚህ መንገድ ዛሬ አንሂድ፣ ደንበኞቼ የነገሩኝ ነገር አለ» አለችኝ። እኔም ሰው ፊት «እትዬ፣ እምነትሽ የት ሄደ?» አልኳት። ዝም አለች። የእግዚአብሔርን ቃል ዱላ አደረግሁት ማለት ነው። ሄድን። የታጠቁ ሰዎች ስልካችንን፣ ገንዘባችንን ወሰዱ፤ አንዱን ወንድማችንን ሁለት ቀን ያዙብን። ያቺ እናት በመንገድ ሁሉ አንድ ቃል አልወቀሰችኝም። ይሄ ይባስ አመመኝ።

እናንተ የኮሚቴ ሰዎች፣ አባወራዎች፣ እኛም አገልጋዮች፣ በስብሰባ ላይ ስንቱን ሰው «አንተ ምን ታውቃለህ» ብለን አስቀምጠናል? ሌሊት ጀሪካን ይዛ የምትወጣዋ ልጅ የትኛው መንገድ እንደሚያስፈራ ከእኛ በላይ ታውቃለች። ጠይቀናታል ወይ? የሚቃወመን ሁሉ ትክክል ነው አላልኩም፤ የማይሆን የሚያወራም አለ። ግን አህያይቱ እንዳለችው፣ ሰውዬው ከዚህ በፊት አታሎን ያውቃል? ካላታለለን ወርደን ውሃውን በዱላ እንንካው።

ያቺ እናት እዚሁ ካምፕ ናት። ባለፈው እሑድ ከጸሎት በኋላ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኋት። «ተወው ልጄ» አለችና ሻይ ቀዳችልኝ። ቀጥላም «ስለ ውሃው ወረፋ ግን የምነግርህ አለ» አለችኝ። ተቀመጥኩ።