ለጎጆ ወጪው

ልጄ፣ እንግዲህ ጎጆ ወጥተሃል። መርቀንሃል፣ ምርቃቱ ይድረስልህ። ዛሬ የጠራሁህ ግን ለሌላ ጉዳይ ነው፦ ቤትህ በሽታ የገባ ቀን በሬህን እንዳትሸጥ።

በአገራችን በዋግ በሬ የሚያሸጥ ነገር ብዙ ነው። ድርቅ ያሸጣል፣ ተዝካር ያሸጣል፣ ስደት ያሸጣል። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን በሽታ ያሸጠው በሬ ነው። አብዛኛውን ጊዜ መሸጥ ያልነበረበት እሱ ነውና። ሰውየው በነጻ የሚያገኘውን ሕክምና አያውቅም፣ በትንሽ ገንዘብ የሚያገኘውን ደግሞ በወቅቱ አልከፈለበትም። ሲብስበት ይበደራል፤ ከዚያ በሬው ይሄዳል፤ ከዚያ መሬቱን ለእኩል አራሽ ይሰጥና ግማሹን ምርት ሲቀበል ይኖራል። እንዲህ የወደቁ ቤቶች አንተም ታውቃለህ፣ ስም አልጠራም።

እስካሁን በአባትህ የጤና መድህን ደብተር ውስጥ ነበርክ። አሁን አባወራ ሆነሃል፤ ያ ደብተር አንተንም ሚስትህንም አያውቃችሁም። ይህን የሚዘነጋ ጎጆ ወጪ ስንት ነው! ድስቱን፣ ጀበናውን፣ ቁርበቱን አሟልቶ ይወጣና የመጀመሪያው ልጅ ትኩሳት ሲይዘው ገንዘብ ፍለጋ ጎረቤት ያንኳኳል።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር ከእኛ ክልል ፎገራ፣ ደቡብ አቸፈርና ተሁለደሬ ነበሩበት። ወደ እኛ ሲመጣ «ላልታመመ ሰው የሚከፈል ግብር» ብለው ያጉረመረሙ ነበሩ። ዛሬም አሉ። «የዓመቱን ከፍዬ አንድ ቀን እንኳ አልታከምኩበትም» ይሉሃል። አንተ ሳትታመም ከከረምክ እሰየው ነው፤ ገንዘብህ የጎረቤትህን ሚስት አሳክሟል። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ የእሱ ገንዘብ ያንተን ያሳክማል። አባቶች ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ያሉት ለዚህ ነው።

መዋጮው በዓመት አንዴ የሚከፈል ነው። ምዝገባው እህል ከተሰበሰበ በኋላ ይሆናል፤ የገበሬ እጅ ገንዘብ የሚነካው ያኔ ነውና። መጠኑ ከጊዜ ወደ ጊዜ ስለሚጨምር የአምናውን ዋጋ አትመን፣ ቀበሌ ሄደህ የዘንድሮውን ጠይቅ። አንድ መዋጮ ባልና ሚስትን ከ18 ዓመት በታች ካሉ ልጆቻቸው ጋር ይይዛል። ከዚያ በላይ ለሆነ ልጅ ተጨማሪ ይከፈላል። የምዝገባው ወቅት ካለፈ በኋላ ታማሚ ተሸክሞ «ልክፈል» ማለት ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ስለዚህ ጤፍህም ማሽላህም ተወቅቶ ወደ ገበያ የወረደ ቀን፣ ከአዲስ ልብስና ከጠላ በፊት የመድህኑን ብር ለይ።

ደብተሩን ከያዝክ ሥርዓቱን ጠብቅ። መጀመሪያ ወደተመደብክበት ጤና ጣቢያ ነው የምትሄደው። ከአቅማቸው በላይ ሲሆን ሪፈር ይጽፉልሃል፤ ሰቆጣ ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል ትደርሳለህ፣ ካስፈለገም ከዚያ በላይ ትላካለህ። ሪፈር ሳትይዝ ዘለህ ብትሄድ ግን ወጪው ወደ ኪስህ ይዞራል። አንዳንዱ «ጤና ጣቢያ ምን ያውቃል» ብሎ ከተማ የግል ክሊኒክ ይገባል። ባዶ ኪሱን ይወጣና መጨረሻ ላይ ያንኑ ሪፈር ሊጠይቅ ይመለሳል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኼው ነው።

ደብተርህን ደግሞ ለወንድምህም ቢሆን አታውስ። ሲያሳዝኑህ ታውሳለህ፣ ሲደረስብህ ሁለታችሁም ታፍራላችሁ፤ የሰው ወርቅ አያደምቅ። መነጽር፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ ለመዋቢያ የሚደረግ ሕክምና በመድህኑ አይሸፈንም፤ ይህን አስቀድመህ እወቅ።

አላታልልህም፣ ጉድለት አለበት። ደብተር ይዘህ ሄደህ «መድኃኒቱ አልቋል፣ ከውጭ ግዛ» የምትባልበት ቀን አለ። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ የዋግ ጤና ተቋማት የደረሰባቸው ዘረፋ ብዙ ነገር አጉድሏል፤ የመንገዱም ርቀት መድኃኒት ያዘገያል። ያን ቀን «ላም አለኝ በሰማይ» ብለህ ደብተሩን አትቅደድ። በሌላ መድኃኒት ይተካ እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቅ፤ ወረዳው ውል የያዘበት መድኃኒት ቤት አለ ወይ ብለህ የመድህን ሠራተኛውን ጠይቅ፤ ከገዛህም ማዘዣውንና ደረሰኙን ይዘህ ቅረብ። ገንዘቡ ይመለስልሃል ብዬ ቃል አልገባልህም። ደረሰኝ የሌለው ሰው ግን ለመከራከርም አፍ የለውም።

አሁን መድህንም ሳይኖርህ በነጻ ወደሚሰጠው ልምጣ። እዚህ ላይ ነው አገር የሚሸወደው። የእርግዝና ክትትል፣ ወሊድ፣ ከወሊድ በኋላ ያለው ክትትል፣ የወሊድ መቆጣጠሪያና የልጅ ክትባት በመንግሥት ጤና ጣቢያ ገንዘብ አይጠየቅባቸውም። የሳንባ ነቀርሳ ምርመራና መድኃኒትም እንዲሁ ነው፣ ወራት ሙሉ ቢወሰድም። የኤችአይቪ መድኃኒት ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነጻ ይታደላል። ወደ ተከዜ ቆላ ስትወርድ ወባ ቢይዝህ ጤና ኬላ ገብተህ ተመርመር፤ መድኃኒቱ እዚያው አለ። ሁለት ሳምንት የሚያስል ሰው ቤትህ ካለ ደግሞ «ብርድ ነው» እያልክ ማር አታልሰው፤ የዋግ ማር ለሁሉ ነገር ይሆናል፣ ለሳንባ ነቀርሳ ግን አይሆንም።

ሚስትህ ስታረግዝ፣ ቤታችሁ ከጤና ጣቢያ የሚርቅ ስለሆነ፣ ቀኗ ሲቃረብ የእናቶች ማቆያ ወስደህ አስተኛት። ገንፎውም ቡናውም እዚያ አለ፤ እናትህም አብራት ትሁን። ምጥ ከጀመረ በኋላ በቃሬዛ ገደል ለገደል መውረድ ምን እንደሚያስከትል የዋግ ሰው አይነገረውም። ምጥ ቀናት ሲጎትት ከሞት የተረፈችው ፊስቱላ ይዟት ትቀራለች፤ ሽንቷን መቆጣጠር ተስኗት ጓሮ የተደበቀች ሴት በየቀበሌው ነበረች። ለእሷም ቢሆን መድኃኒት አለ። ካትሪን ሃምሊንና ባለቤቷ ሬጂናልድ አዲስ አበባ ያቋቋሙት የፊስቱላ ሆስፒታል ቅርንጫፍ ባሕር ዳር ከተከፈተ ቆይቷል፤ ሕክምናው ያለ ክፍያ ነው። እንዲህ ያለች ዘመድ ካለች ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ንገራት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።

የአያትህን ዓይን አይተሃል? የዓይን ፀጉሯ ወደ ውስጥ ዞሮ ዓይኗን ሲቧጭር በወረንጦ እየነቀለች ስንት ዓመት ኖረች። ያ ትራኮማ ነው፣ አገራችንን ክፉኛ የያዘ በሽታ። ቀዶ ሕክምናው አጭር ነው፣ ገንዘብም አያስከፍልም። ዘመቻ መጣ ሲባል አሮጊቶቹን በአህያም ቢሆን ጭነህ አድርስ። ወረንጦው የብሌኑን ጠባሳ አያድነውም፤ ቀን ይሸምታል እንጂ።

ልጅህ ከሳ ካለ በየወሩ ክንዱን አስለካው። ዓለም የከተማችንን ስም የሚያውቀው በዚሁ ጉዳይ ነው፤ መንግሥት በሐምሌ 2007 ዓ.ም. የሕፃናትን መቀንጨር ለማስቀረት የገባው ቃል «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ይባላል። ቃል ኪዳኑ በስማችን ተጠርቶ ልጆቻችንን ሳናስለካ ብንቀር ያስቃል። ክንዱ ከቀነሰ ከጤና ኬላ የሚሰጡህ የለውዝ ቅባት የመሰለ ምግብ መድኃኒት ነው። ለታናናሹም ለታላላቁም አታካፍለው፣ ገበያም አታውጣው።

መዋጮውን ጭራሽ መክፈል የማይችል ሰውም አለ። ቀበሌው ሕዝብ ሰብስቦ «የደሃ ደሃ» የሚላቸውን ይመርጣል፤ የእነሱን መንግሥት ይከፍልላቸዋል። አንተ ዛሬ ጉልበት አለህና ይህን ለራስህ አልልህም፤ ለአክስትህ ግን እልሃለሁ። ስብሰባው ላይ እሷ አትናገርም፣ ታፍራለች። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም የሚለው ተረት እዚያ ቦታ አይሠራም፤ ተነሥተህ ስሟን አስመዝግብ። በዚያው ቀን ሁለት በሬ ያለው ሰው ራሱን ደሃ ነኝ ሲል ብትሰማም ዝም አትበል። የእሱ ስም ሲገባ የአንዲት መበለት ስም ይወጣል።

ስለ ጠበል ደግሞ አንድ ነገር። ሄደህ ተጠመቅ፣ እኔም እጠመቃለሁ። ክኒኑን ግን ይዘህ ሂድ። ጠበሉን ያፈለቀው አምላክ ለሐኪሙም ጥበብ የሰጠ ነው፤ መድኃኒት አቋርጦ ጠበል መግባት ፈተና እንጂ እምነት አይደለም።

ሪፈር ወደ ደሴ ወይ ባሕር ዳር ቢጽፉልህ ሰውን የሚያስቸግረው መኪናው፣ ማደሪያውና የአስታማሚው ስንቅ ነው። ይህን መድህኑ አይሸፍነውም። እድራችን ለሬሳ ድንኳን ይገዛል፣ ለታማሚ መሳፈሪያ ሲጠየቅ ግን ይከራከራል፤ ይህ ነገር አይገባኝም። በሚቀጥለው ስብሰባ ለሕክምና የሚያበድር ሳጥን ይኑር ብለህ አንሣው። እኔ እደግፍሃለሁ፣ ካህኑንም አናግሬዋለሁ።

ቀበሌ ስትሄድ የሁለታችሁንም ጉርድ ፎቶ ይዛችሁ ሂዱ፣ ሚስትህም አብራህ ትሂድ። ደብተሩ የት እንደሚቀመጥ፣ በየትኛው ጤና ጣቢያ እንደተመደባችሁ እሷም ትወቅ። አንተ ከብት ይዘህ ቆላ በወረድክበት ወቅት ልጅ ቢታመም፣ እስክትመለስ ሳትጠብቅ ይዛው ትሂድ።