ያላለቀ ሐሳብ የማን ነው?

እ.ኤ.አ. በ1967 ካምብሪጅ አጠገብ በተዘረጋ የሬዲዮ ቴሌስኮፕ ላይ ትሠራ የነበረችው የዶክትሬት ተማሪ ጆስሊን ቤል፣ በየቀኑ 30 ሜትር ገደማ የሚረዝም የወረቀት ጥቅል በዓይኗ ትመረምር ነበር። ብዕሩ ሲሞነጫጭር ከሚውለው ሁሉ መካከል ከግማሽ ሴንቲ ሜትር ብዙም የማይበልጥ ቦታ የያዘች አንዲት ጭረት ከምታውቀው ምልክት ከአንዱም ጋር አልገጥም አለቻት። ወረቀቱን አፍጥና ስታስኬደው ጭረቷ በየ1.33 ሰከንዱ የምትመታ የልብ ትርታ መሰለች። አማካሪዋ አንቶኒ ሂዊሽ በስልክ ስትነግረው ሰው ሠራሽ ነገር መሆን አለበት አለ፤ በማግስቱ ግን መጥቶ ከኋላዋ ቆሞ አየ። የተገኘው ፐልሳር የሚባል፣ በየተወሰነ ጊዜ የሬዲዮ ምት የሚልክ ኮከብ ነበር። በ1974 የፊዚክስ ኖቤል ለሂዊሽና ለማርቲን ራይል ተሰጠ።

ታሪኩ ብዙ ጊዜ የሚነሳው በሽልማቱ ምክንያት ነው። ከሽልማቱ በፊት ያለው ጥያቄ ግን ይበልጥ ይከብዳል፦ ያቺ ጭረት ገና ስም ሳይወጣላት፣ ተማሪዋ እርግጠኛ ሳትሆን፣ አማካሪውም ሳያምንባት የማን ነበረች? በድኅረ ምረቃ አማካሪነት ዙሪያ የሚሰማው እሮሮ፣ ድራፍቱ ወር ሙሉ ሳይነበብ መቀመጡ፣ ተማሪው ፕሮፖዛሉን አስጸድቆ መጥፋቱ፣ አድቫይዘሩ ምዕራፉን ራሱ ጽፎ መጨረሱ፣ ከጆርናሉ ላይ ስም መውጣቱ፣ ሥሩ ሲቆፈር እዚሁ ጥያቄ ላይ ይደርሳል። አስተዳደሩ መልሱን በፎርምና በጊዜ ሰሌዳ ይፈልጋል። ፎርም አይጠላም፤ ያላለቀ የሰው ሐሳብ እጁ የገባ ሰው ምን መብትና ምን ግዴታ እንዳለበት ግን ፎርም አይነግረውም።

ጀርመኖች አማካሪን «የዶክትሬት አባት» ይሉታል። የእኛም የአብነት ተማሪ መምህሩን «የኔታ» ሲል «የኔ ጌታ» ማለቱ ነው። በአባትና በጌታ ቋንቋ ካሰብን ሐሳቡ ምንጊዜም ከላይ የወረደ ርስት ይሆናል። ሶቅራጥስ፣ ፕላቶን «ቴአይቴቶስ» ላይ እንዳቀረበው፣ ራሱን ከአዋላጅ እናቱ ጋር ያመሳስላል፦ ፅንሱ የሌላው ነው፣ የእሱ ሥራ ማዋለድና የተወለደው ሕያው መሆኑን መመርመር ነው። ይህ ይሻላል፤ ነገር ግን አዋላጅ በሰዓታት ውስጥ ጨርሳ ትሄዳለች፣ አማካሪ ዓመታት ይቆያል። ከሁለቱም ይልቅ ልክ የሚመጣልኝ ቃል «አደራ» ነው። የአደራ እህል የተቀበለ ሰው ባለቤት አይደለም፤ አያገባኝም ሊልም አይችልም። ቢበላው አደራ በላ ይባላል፤ ሳይበላው ነቀዝ ቢያስጨርሰውም ከወቀሳ አያመልጥም። ምዕራፉን ራሱ ጽፎ የሚሰጠው አማካሪና ድራፍቱን መሳቢያ ውስጥ ያስቀረው አማካሪ ተቃራኒ ይመስላሉ እንጂ ጥፋታቸው አንድ ነው።

የሚገርመው መምህሩን «ጌታ» የሚለው ቤት ራሱ ይህን ድንበር አሳምሮ ማወቁ ነው። የቅኔ ተማሪ በየጥሻው ሲቆጥር ውሎ፣ ሁለት ቤት ብቻ ያላት ጉባኤ ቃና እንኳ ብትሆን፣ ነገራ ላይ የራሱን ይዞ ይቀርባል። መምህሩ ቤት ያልመታውን፣ ምሥጢሩ የተፋለሰውን ያርማል፤ ተማሪው ባልቆጠረበት ቀን ግን የሚታረም ነገር የለም። እርማቱ ፊት ለፊት ስለሆነ ለምን እንደታረመም ይሰማል። (የአብነት ተማሪን ረኀብና እንግልት አሳምሬ ለማቅረብ አይደለም፤ የማወራው ስለ እርማቱ ብቻ ነው።) ዛሬ ምዕራፉ በኢሜይል ሄዶ በቀይ ተሞልቶ ይመለሳል፤ ተማሪው «ተቀበል» የሚለውን አንዴ ተጭኖ ሁሉንም ያጸዳዋል። እዚያች ጠቅታ ላይ ማን አሰበ?

ጠንካራው ተቃውሞ የመጣው ከቤል ከራሷ ነው። ምርምሩ ቢሳካም ቢከሽፍም የመጨረሻው ተጠያቂ አማካሪው ስለሆነ የስኬቱ ተጠቃሚ መሆኑ ያስኬዳል ብላ በ1977 ተከራክራለች። ለጋስነቷ ያስደንቃል፤ ክርክሩ ግን ተጠያቂነትን ከባለቤትነት ጋር ያደባልቃል። አደራ ተቀባይም እህሉ ቢሰረቅ ይጠየቃል፤ መጠየቁ እህሉን የእሱ አያደርገውም። ሂዊሽ ቴሌስኮፑን ነድፏል፣ ምርምሩን መርቷል፤ ለዚህ ቢሸለም ማንም አይከፋም። የሚያከራክረው ድርሻው የእሷን መዋጡ ነው።

ሌላው ተቃውሞ የቅርባችን ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1979 የማስተርስ፣ በ1987 የዶክትሬት ትምህርት ከጀመረ ወዲህ ድኅረ ምረቃ ብዙ ግቢዎችን አዳርሷል፤ አንድ መምህር ላይ የሚደራረቡት ተማሪዎችም በዝተዋል። እንግሊዝኛው የማይታዘዝለትን ተማሪ አማካሪው ካልጻፈለት አይመረቅም፣ ስለዚህ መጻፉ ርኅራኄ ነው ይባላል። ቋንቋውን ማቅናት በእርግጥ አደራ መብላት አይደለም፤ ፍርዱን መተካት ነው ችግሩ። ዲፌንስ ላይ ፈታኙ «ይህን ናሙና ለምን መረጥክ?» ሲለው ተማሪው መልሱን ከወረቀቱ ሳይሆን ከአማካሪው ፊት ላይ መፈለግ ይጀምራል። ርኅራኄው እዚያ አዳራሽ ውስጥ፣ በሰው ፊት፣ ውርደት ይሆንበታል። ስለ ብዛቱ ደግሞ፣ ጎተራ የሌለው ሰው አደራ አይቀበልም፤ ጥፋቱ የሚጀምረው ድራፍቱ ሲዘገይ ሳይሆን ሃያኛው ተማሪ ሲመደብና «እሺ» ሲባል ነው። ተማሪው አዋቂ ስለሆነ ራሱን ይቻል የሚሉም አሉ። አዋቂ ነው፤ የጠፋ የእህል ባለቤት ግን ተፈልጎ ይጠየቃል እንጂ እህሉ ሜዳ ላይ አይፈስም።

ቤል የዶክትሬት ጽሑፏን ያስረከበችው ፐልሳሮቹ ከመገኘታቸው በፊት በተያዘው ርዕስ ነው። ርዕሱ ስለ ሌሎች የሬዲዮ ምንጮች ነበር። ያቺ ግማሽ ሴንቲ ሜትር የገባችው ከመጨረሻው፣ አባሪው ውስጥ ነው።