ስልኩ ቤት ይሆን ነበር?

 

ባለፈው ጁሙዓ እዚህ ነገሌ ከሶላት በኋላ አንድ ወጣት መስጂድ በር ላይ ጠብቆ አናገረኝ። በ60,000 ብር ስልክ ገዝቷል፤ ግማሹን ከጓደኛው ተበድሮ። አባቱ ተቆጥተው «ይሄ ገንዘብ ቤት ይሆንህ ነበር» አሉት። «ኡስታዝ፣ በ60,000 ብር የትኛው ቤት ነው የሚሠራው? እውነት ይሄ ኢስራፍ ነው?» ሲል ጠየቀኝ።

ቶሎ አልመለስኩለትም። በሒሳቡ ልጁ ልክ ነዋ! ያ ገንዘብ ለቦታው፣ ለእንጨቱ፣ ለቆርቆሮውና ለአናጺው አይበቃም። ወጣቱ ቤት ያጣው ስልክ ስለገዛ አይደለም። ይህን ሳናምን ብንመክረው አይሰማንም፤ መብቱም ነው።

ቁጠባን የተጠራጠረበትም ምክንያት አለው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር በባንክ ወደ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ያጠራቀመ ሰው ብሩ እጁ ላይ ሲቀልጥ አየ። «ካልደረስኩበት ቤት ይልቅ የደረስኩበትን ልግዛ» የሚለው ሐሳብ የመጣው ከዚህ ነው።

ቤት መመኘት ዱንያን ማምለክ አይደለም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሰፊ ቤትን ከአራቱ የደስታ ምክንያቶች አንዱ አድርገው ቆጥረውታል። ጥሩ ነገር መያዝም በራሱ ኩራት አይደለም። ልብሱና ጫማው እንዲያምር ስለሚወድ ሰው ሲጠየቁ፣ ኩራት ማለት እውነትን አለመቀበልና ሰውን መናቅ መሆኑን አስረድተዋል። ታዲያ ችግሩ የቱ ጋ ነው?

«የድሮው ስልክህ ምን ጎደለው?» አልኩት። ዝም አለ። ቆይቶ «ምንም። ግን ኡስታዝ፣ እንግዳ የምጠራበት ቤት የለኝም። ሰው የሚያየው እጄ ላይ ያለውን ነው» አለኝ።

ወላሂ አንጀቴን በላው። ስልኩ ለካ ለመደወያ አልተገዛም፤ የቤት ምትክ ሆኖ ነው የተገዛው። ቤት ያጣ ሰው ክብሩን በኪሱ ይዞ ይዞራል። ክብር ግን አላህ ዘንድ በተቅዋ እንጂ በእጅ በሚያዝ ነገር አይለካም።

ስለዚህ ኢስራፍን በዋጋው ብቻ አንለካው። በስልኩ ፎቶና ቪዲዮ እየሠራ የሚያድር ልጅ ውድ ስልክ ቢገዛ የሥራ ዕቃ ገዛ። ያንኑ ስልክ ሰው እንዲያይለት ብሎ ተበድሮ የገዛ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ሱረቱል ፉርቃን 67ኛው አንቀጽ ላይ አላህ የሚያመሰግናቸው ባሮቹ ሲያወጡ የማያባክኑትን፣ የማይሰስቱትንም፣ መሐሉን የያዙትን ነው። መሐሉ ደግሞ እንደየሰው አቅም ነው። 60,000 ብር ቤት አይሆንም፤ ነገር ግን በወር 2,500 ብር ለሚከራይ ልጅ የሁለት ዓመት ኪራይ ነው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ከዕዳ ጭንቀት በአላህ ይጠበቁ ነበር። በቂያማ ቀንም ስለ ገንዘባችን ሁለት ጥያቄ አለብን፤ ከየት አመጣኸው? በምን አዋልከው?

«ታዲያ ምን ላድርግ?» ለሚል፣ መልሱ እዚሁ አገራችን ውስጥ አለ። ከ2013 እስከ 2015 የነበረው ድርቅ የቦረናን ከብት ሲጨርስ አይተናል። ቦረና ከብቱ ያለቀበትን ሰው «እንግዲህ ብቻህን ተነሣ» አይለውም። ቡሳ ጎኖፋ የሚባል ሥርዓት አለው፤ ጎሳው ከየበረቱ አውጥቶ እንደገና ያቋቁመዋል። አባቶቻችን ብቻቸውን አልቆሙም፤ እኛ ብቻችንን ቤት ልንሠራ አስበን ስላቃተን ተስፋ ቆረጥን። የሚተማመኑ ጓደኛሞች ዕቁብ ይግቡ። ዘንድሮ የአንዱን ቆርቆሮ፣ ከርሞ የሌላውን እንጨት ይግዙ። ብር ይቀልጣል፤ የተገዛ ቆርቆሮ ግን ቢያንስ አይቀልጥም። ስልክ ግን በዓመቱ ዋጋው ይወርዳል።

ለአባቶችና ለአከራዮችም አንድ ቃል አለኝ። ወጣቱን ስለ ስልኩ እየተቆጣን፣ በዚያው ወር ኪራይ ከጨመርንበት ምክራችን በረካ የለውም። ለሙሽራ የሚጠየቀውን መህርና ድግስ ማቅለልም አንድ ግድግዳ እንደማቆም ነው።

ያንን ወንድሜን ስልኩን ሽጠው አላልኩትም። መጀመሪያ የጓደኛህን ገንዘብ መልስ፣ ከዚያ ሁለት ታማኝ ሰው ፈልግ አልኩት። ደግሞም እንግዳ ለመጥራት የግድ የራስህ ቤት አያስፈልግህም፤ በተከራየሃት አንዲት ክፍል ውስጥ ምንጣፍ አንጥፈህ ሻይ ብታፈላ እኔ የመጀመሪያው እንግዳህ ነኝ አልኩት። ሳቀና «እሁድ ይምጡ» አለኝ። ኢንሻአላህ እሄዳለሁ።

ያ አላህ፣ ቤት ላጡ ወጣቶቻችን ሐላል ሪዝቅና የሚያርፉበት ጣሪያ ስጣቸው፤ ልባችንንም ከሰው ዓይን ባርነት ነፃ አውጣልን። አሚን። በነቢያችን ላይ ሰለዋት ማውረድ አንርሳ።