ያለ «ወላሂ» የተሸጠ ጨው

 

ዛሬ አንድ ጥያቄ እናንሣ። ገዢው ፊታችሁን ባያይ፣ ቋንቋችሁን ባይችል፣ ብታታልሉትም የሚከሳችሁ ባይኖር፣ ዕቃውን በሐቅ ትሸጡለታላችሁ?

በ6ኛው መቶ ዘመን ኮስማስ የሚባል የእስክንድርያ ነጋዴ ወደ አዱሊስ ወደብ መጥቶ ነበር። እንደጻፈው የአክሱም ንጉሥ በአገው ገዢ በኩል በየሁለት ዓመቱ ወርቅ ወደሚገኝበት፣ ሳሱ ወደተባለ አገር ሰዎች ይልክ ነበር። ሌሎች ነጋዴዎች ሲጨመሩ ከ500 በላይ ይሆናሉ። በሬ፣ ጨውና ብረት ይዘው ይወጣሉ፤ ደርሶ መልሱ 6 ወር ይፈጃል።

እዚያ ሲደርሱ የእሾህ አጥር ሠርተው ይሰፍራሉ። በሬውን አርደው ሥጋውን፣ ጨውንና ብረቱን እሾሁ ላይ ያኖራሉ። የአገሩ ሰዎች ወርቃቸውን በፈለጉት ዕቃ ላይ አስቀምጠው ራቅ ብለው ይቆማሉ። ባለዕቃው ቀርቦ ያያል፤ ከተስማማው ወርቁን ያነሣል፣ ገዢውም መጥቶ ዕቃውን ይወስዳል። ካልተስማማው ወርቁን ሳይነካ ይተወዋል። ገዢው ወይ ይጨምራል፣ ወይ ወርቁን ይዞ ይሄዳል። አስተርጓሚ ስለሌለ አንድም ቃል አይለዋወጡም።

ተመሳሳይ ታሪክ ከአፍሪካ ሌላኛው ጫፍም ይሰማል። ሶኒንኬዎች ዛሬ ደቡብ ሞሪታኒያና ምዕራብ ማሊ በምንለው ምድር ዋጋዱ የተባለ መንግሥት ነበራቸው፤ ዐረቦች ጋና ይሉት ነበር። የአንዳሉሱ አል-በክሪ በ1068 እ.ኤ.አ. ሲጽፍ በዋና ከተማው የሙስሊሞች ክፍል 12 መስጂዶች እንደነበሩ ይነግረናል። ንጉሡ ለሚገባ አንድ የአህያ ጭነት ጨው 1 የወርቅ ዲናር፣ ለሚወጣው ደግሞ 2 ዲናር ይቀበል ነበር። በ13ኛው መቶ ዘመን የጻፈው ያቁት፣ በዚያ በኩል ወርቅ ፍለጋ የሚሄዱ ነጋዴዎች ከበሮ መትተው፣ ዕቃቸውን አስቀምጠው ይርቁ እንደነበር ይተርካል። አንዳንድ የታሪክ ሰዎች የምዕራብ አፍሪካውን ትረካ የተጋነነ ነው ብለው ይጠራጠሩታል። ትረካዎቹ የሚያሳዩት ሥርዓት ግን አንድ ነው።

ይህን ሥርዓት በዲናችን ዓይን እዩት። ሱረቱ አን-ኒሳእ በ29ኛው አንቀጽ ንግድ በሁለቱም ወገን ፈቃድ መሆን እንዳለበት ያስተምረናል። እዚያ አጥር ላይ ማንም ማንንም አላጣደፈም። «ዛሬ ካልወሰዳችሁ ነገ ያልቃል» የሚል የለም። ዕቃው ተገልጦ ይታያል። መሐላም የለም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) መሐላ ዕቃውን ቢያሸጥም በረካውን እንደሚያጠፋ አስጠንቅቀውናል። እኛ በአንድ ጫማ ላይ ስንት ጊዜ «ወላሂ ኦሪጂናል ነው» እንላለን?

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ እንምጣ። ሰዎቹ ለምን አልተሰራረቁም? ደጎች ስለነበሩ ብቻ ነው ብንል ራሳችንን እናሞኛለን። ነጋዴው ከሁለት ዓመት በኋላ መመለስ ይፈልጋል። ወርቁንም ጨውንም ይዞ ቢሮጥ መንገዱ ይዘጋበታል። ታማኝነቱ ጥቅሙም ነበር። ይህ ብልህነት ነው፣ አያስነቅፍም። ተቅዋ ግን የሚለካው ተመልሰን በማንሄድበት ቦታ ነው።

ዛሬ ከቦሌ እስከ ገርጂ፣ ከመገናኛ እስከ ሲኤምሲ፣ ሰሚትና አያት፣ ብዙዎቻችሁ የምትነግዱት በቴሌግራም ቻናል ነው። ከዱባይ በሻንጣ የመጣው ልብስና ሽቶ በፎቶ ይለጠፋል፣ ገዢው በቴሌብር ይከፍላል፣ ሞተረኛው ያደርሳል። ሻጭና ገዢ አይተያዩም። የእሾህ አጥሩ ዛሬ ስልካችን ውስጥ ነው ማለት ይቻላል። ግን የአክሱሙ ነጋዴ ስሙን ቀይሮ መምጣት አይችልም ነበር። እኛ ያታለልነውን ሰው ብሎክ አድርገን በነጋታው በሌላ ስም ቻናል መክፈት እንችላለን። ያን ጊዜ የሚይዘን ሙራቀባ ብቻ ነው፤ አላህ እያየን መሆኑን ማወቅ።

«ኑሮው ከብዷል፣ ጉድለቱን ብናገር ማን ይገዛኛል?» ትሉ ይሆናል። ጭንቀቱ እውነት ነው። ጉድለቱን የተናገረ ሰው አንዳንዴ ይከስራል። ሐቀኝነት ሁልጊዜ ገንዘብ ያመጣል ብለን ከሰበክን፣ ባላመጣበት ቀን ምን ይዘን እንቀራለን? ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ እጃቸውን እህል ክምር ውስጥ አስገብተው እርጥበት አገኙ። ሻጩ ዝናብ መትቶት እንደሆነ ተናገረ። እሳቸውም እርጥቡን ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁት። ዝናቡ የሻጩ ጥፋት አልነበረም። ኪሳራውን ደብቆ ወደ ገዢው ማሻገሩ ግን የገዛ ሥራው ነበር።

ገዢዎችም አለንበት። ሞተረኛው ያዘዝነውን ዕቃ ይዞ በራችን ደርሶ ሲደውል ስልክ መዝጋት የሰው ልፋትና ነዳጅ መብላት ነው።

ሱረቱል ጁሙዓ ለሶላት ስንጠራ ንግዱን እንድንተው፣ ሶላቱ ሲያበቃ ደግሞ ተበትነን የአላህን ችሮታ እንድንፈልግ ያዘናል። አላህን አብዝተን እንድናወሳም የታዘዝነው እዚያው፣ ከሪዝቅ ፍለጋው ጋር ነው። ስለዚህ ዛሬ ከሶላት ስትመለሱ ቻናላችሁን ክፈቱ። ከፎቶው ሥር ያልጻፋችሁትን ጉድለት ጻፉ፣ «ወላሂ» ያላችሁበትን አጥፉ። ገዢው አይቶ ይወስን፤ ካለፈም ይለፍ።

አላህ ሪዝቃችንን ሐላል ያድርግልን፣ በረካውንም አይንሣን። አሚን።