በዳዩን የገደለ ተበዳይ

መሬቱን የተነጠቀ፣ ዳኛ ያጣ፣ አቤቱታውም ከእብደት የተቆጠረበት አንድ ሰው የነጠቀውን ሰው ቢገድል በደለኛው ማን ነው? ይህ ጥያቄ መልስ የሌለው ሆኖ ሳይሆን ሁለት መልሶች በአንድ ጊዜ ወደ አፋችን ስለሚመጡ ያስቸግራል።

ጥያቄውን አጥብቀው ካቀረቡልን የሀገራችን ሥራዎች አንዱ ፊልም ነው። የጎንደር ተወላጅ የሆነው ኃይሌ ገሪማ በአሜሪካ የፊልም ጥበብ ይማር በነበረበት ጊዜ፣ በ1966 ዓ.ም. ክረምት ወደ ሀገሩ ተመልሶ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የተባለውን ፊልም አነሣ። የዘውዱ ሥርዓት በጥቂት ወራት ውስጥ ሊያከትም የተቃረበበት ወቅት ነበር። ፊልሙ በጥቁርና ነጭ የተሠራ ሲሆን ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጃል።

ታሪኩ የአንድ ጭሰኛ ቤተሰብ ታሪክ ነው። ጎህ ሳይቀድ ይነሣሉ፤ የሌላውን መሬት ያርሳሉ፤ ባለመሬቱ ተቀምጦ ያዝዛል፣ ይቆጣል፣ ይሳደባል። ፊልሙ አይቸኩልም። ይህን እንደ ጉድለት የሚቆጥሩ አሉ፤ ለእኔ ግን በሬ ተከትሎ የዋለ ሰው ቀኑ እንዴት እንደሚረዝም ያወቀ ሰው የሠራው መሆኑን ያስረዳኛል። የቤተሰቡ ልጅ ከብት ለማዳን ስትል ደራሽ ውኃ ይወስዳታል። በአካባቢው ደግሞ መሬቱን ይኸው ባለመሬት የወሰደበት፣ በድልድይ ሥር የሚያድር ከበበ የሚባል ሰው አለ። የሚናገረው እውነት ነው፤ የሚደመጠው ግን እንደ እብድ ነው። በመጨረሻ ባለመሬቱን በዱላ ደብድቦ ይገድለዋል።

በዚያን ጊዜ ተመልካቹ እፎይ ይላል። እኛ ልንመረምረው የሚገባን ይህን እፎይታ ነው።

በባሌ ደጋ ለምንኖር ሰዎች ነገሩ የፊልም ወሬ ብቻ አይደለም። በቀድሞው ዘመን በዚህ ጠቅላይ ግዛት መሬት በቀላድ ሲለካና ግብር ሲጣል፣ ግብሩን መክፈል ያቃተው ገበሬ ርስቱን እያጣ በአባቱ መሬት ላይ ጭሰኛ የሚሆንበት ሁኔታ ነበር። ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ 1962 ዓ.ም. ድረስ የቆየውና በዋቆ ጉቱ ስም የሚታወቀው የባሌ ገበሬዎች ዐመፅ ከሌሎች ምክንያቶች ጋር ይህ የመሬት በደል ወልዶታል። ስለዚህ በሮቤ ወይም በጎባ «ከበበ ገዳይ ነው» ብሎ ብቻ የሚያስተምር መምህር ከፊቱ ከተቀመጡት አረጋውያን ዐይን ውስጥ ዝምታን ያነብባል።

ቅዱስ ቶማስ ዘአኲኖ በዚህ ጉዳይ ላይ ያስተማረው ብዙዎች ከሚገምቱት የጠለቀ ነው። በከፋ ችግር ላይ የወደቀ ሰው ሕይወቱን ለማዳን ከሌላው ንብረት ቢወስድ ሌባ ሊባል እንደማይገባው ጽፏል። ለራሱ ጥቅም ብቻ የሚገዛውን ጨካኝ ገዢም ሁከት ፈጣሪው እርሱ ራሱ ነው ብሎታል። እንዲህ የሚል ሊቅ ግን ማንም ግለሰብ በራሱ ሥልጣን ክፉ አድራጊን እንዲገድል አልፈቀደም፤ ፍርድ የማኅበረሰቡን ደኅንነት የመጠበቅ አደራ የተሰጠው አካል ድርሻ ነውና። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ ስድስተኛም እ.ኤ.አ. በ1967 ስለ ሕዝቦች ዕድገት በጻፉት መልእክት፣ የግል ንብረት ፍጹም መብት አለመሆኑን ካሳሰቡ በኋላ፣ ግልጽና ሥር የሰደደ ጭቆና ካልሆነ በቀር ዐመፅ አዲስ በደል እንደሚወልድ አስጠንቅቀዋል።

«እንግዲያው ዳኛው ራሱ የባለመሬቱ ወዳጅ ቢሆንስ?» ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ዳኝነት በሌለበት ትዕግሥትን ለተበዳዩ ብቻ መስበክ ለበዳዩ ጥብቅና መቆም ይሆናል። እኔ እንደሚመስለኝ የከበበ ግድያ ኃጢአት መሆኑ አይቀርም፤ ነገር ግን የእርሱ ብቻ አይደለም። ሲናገር የሳቁበት፣ እውነቱን እያወቁ ፊታቸውን ያዞሩ ጎረቤቶች ሁሉ በዱላው ላይ እጃቸውን አሳርፈዋል።

ሌላም ነገር አለ። ባለመሬቱ ሞተ እንጂ መቀመጫው አልተሰበረም። እ.ኤ.አ. በ1979 በሕንድ በቴሉጉ ቋንቋ የተሠራው «ማ ቡሚ»፣ ማለትም «መሬታችን»፣ የተሰኘው የጎታም ጎሽ ፊልም ይህንኑ ያሳያል። በቴላንጋና ገበሬዎች በባለመሬቶች ላይ ይነሣሉ፤ የሃይደራባድ ገዢ ሥልጣን እ.ኤ.አ. በ1948 ያከትማል፤ የሸሹት ባለመሬቶች ግን የአዲሱን ዘመን ልብስ ለብሰው ይመለሳሉ። በእኛም ሀገር የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ጭሰኝነትን ሲሽር የገበሬው ደስታ እውነተኛ ነበር። ጥቂት ቆይቶ ግን በባሌ የመንግሥት እርሻ፣ የእህል ኮታና የመንደር ምሥረታ መጡ። ከጭሰኝነት የተላቀቀው ገበሬ የት እንደሚኖርና እህሉን በስንት እንደሚሸጥ ሌላ ሰው ወሰነለት። ይህን ስል ዐዋጁ ባይወጣ ይሻል ነበር ማለቴ አይደለም፤ ማንም ቅን ሰው እንዲህ አይልም።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ይህን ታሪክ ከወጣቶች ጋር ስትወያዩበት ክርክሩ በገዳዩና በሟቹ ላይ እንደሚያተኩር የታወቀ ነው። የናቡቴን የወይን ቦታ ታሪክ ከአጠገቡ ብታስቀምጡት ይረዳችኋል። እዚያም ርስት ተነጥቋል፣ ደምም ፈስሷል፤ ነገር ግን ነቢዩ ኤልያስ በንጉሡ ፊት በግልጽ ቆሞ ተናግሮ ነበር። በከበበ መንደር የጠፋው እንዲህ ያለው ሰው ነው።

ከዚያ በኋላ ስለ ልጅቱ ጠይቋቸው። እርሷን የገደለ ዱላ የለም፤ ለሞቷ የሚያዝም ሰው የለም፤ የወሰዳት ውኃ ነው። ክረምት ሲገባ የሻያና የወይብ ወንዞች ይሞላሉ፤ ከትምህርት ቤት ቀርተው የሰው ከብት የሚጠብቁ ልጆችም በዳርቻቸው ይውላሉ። የማን ከብት እንደሆነ፣ ልጁ በቀን ምን እንደሚከፈለው፣ ውኃው ከብቱን ቢወስድበት ማታ ምን እንደሚጠብቀው ከምእመናኑ መካከል የሚያውቁ አሉ።